ተልባ፣ አብሽና የእትዬ አልጋነሽ ተረት

ልጅ ሳለሁ ከሁሉ አብልጬ የምንቀው የእትዬ አልጋነሽን የፀጉር መድኃኒት ነበር፤ ከመድኃኒቱም ይልቅ አብሮት የሚመጣውን ተረት። እትዬ አልጋነሽ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ደብረ ታቦር እኛው ግቢ፣ ከኩሽናው በተያያዘች አንዲት ክፍል ይኖሩ ነበር። አሥር ዓመት ሲሞላኝ አናቴን ቆረቆር ያዘኝና ፀጉሬ ብል እንደበላው ጋቢ እዚህም እዚያም ሳሳ። ከጤና ጣቢያ የተሰጠኝ ቅባት ሲያልቅ ሌላ የለም ተባለ። ከዚያ ወዲያ አናቴ የእትዬ አልጋነሽ ርስት ሆነ፤ ደርግ የሰውን ርስት ሁሉ ሲወርስ የእሳቸውን የነካው አልነበረም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመሻሽ ምድጃው ዳር ዱካ ላይ ያስቀምጡኛል። ተልባውን በትንሽ ድስት አፍልተው እንደ ንፍጥ ሲዝለገለግ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ያጠሉታል። ሲዘፈዘፍ ያደረ አብሽ ወቅጠው ይደባልቁበታል፤ ዶሮዋ ከፈቀደች እንቁላል ይሰበርበታል፤ በመጨረሻ ለጋ ቅቤ ከአደስ ቅጠል ጋር ይለወስና ያ ሁሉ ጉድ አናቴ ላይ ይወርዳል። የተልባው ዝልግልግ በማጅራቴ ሲንሸራተት ዛሬም ሳስበው ይሰቀጥጠኛል። የአብሹ ሽታ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ አይለቅም፤ ትምህርት ቤት «የአራስ ቤት መጣች» እያሉ ነበር የሚቀበሉኝ።

መድኃኒቱ እስኪደርቅ ድረስ ተረት አለ። እርጥብ እንጨት ሲጨስ፣ ኩራዙ ሲንቀጠቀጥ፣ እትዬ አልጋነሽ ፍሙን በጭራሮ እየቆሰቆሱ «በይ እጅሽን ከጭንሽ ሥር አግቢ» ይላሉ። ሕጋቸው ይኸው ነበር፤ ሁለት እጆቼ ላይ ቁጭ ካላልኩ ተረት አይጀመርም። መሐል ላይ አናቴን በልቶኝ አንድ እጄ ብቅ ካለች ደግሞ ተረቱ ካለበት ይቆማል፤ ለምኜም አልቅሼም አይቀጥልም፤ እስከ ሌላው ቅዳሜ።

ተረት ስል ደግሞ ደህና ተረት እንዳይመስላችሁ። ሌሎች ልጆች አያቶቻቸው ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ያወሩላቸዋል፤ ለእኔ የደረሰኝ ፀጉር ብቻ ነው። ታዛዧ ልጅ ፀጉሯ ያድጋል፣ ሰነፏ ይመለጣል፣ አለቀ። አንደኛዋ እንዲያውም ፀጉሯ ከመርዘሙ የተነሣ እሷ ሩቅ ገሳይ ከተማ ተቀምጣ ጫፉ ደብረ ታቦር ገበያ ይደርሳል።

«የገበያተኛ አህያ አይረግጠውም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ዝም ብለሽ ስሚ» አሉኝ።

ያኔ አንድ ነገር ልብ ብዬ ነበር። እትዬ አልጋነሽ ሻሻቸውን አያወልቁም፤ ቤት ውስጥም፣ በሙቀትም፣ ታመው ሲተኙም። እኔም በልቤ፣ መድኃኒቱ እውነት ቢሆን የራሳቸውን ፀጉር ባሳዩን ነበር እያልኩ እስቅባቸዋለሁ። በአፌ አንቱ እያልኩ በሆዴ ከዶሮዋ አሳንሼ ነበር የማያቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሳቸው ደግሞ አብሽ ይዘው አለቅም ብለዋል።

ክረምት ሲሆን ቀበሌያችን ለአብዮት በዓል የሕፃናት ኪነት ሊያቋቁም ነው ተባለ። ምርጫው በቡሄ ማግስት ነው። እኔ በእስክስታ ከእኩዮቼ ሁሉ እበልጥ ነበር፤ ይኸን ስናገር አላፍርም። ኪነት መግባት ማለት አዲስ ቀሚስ፣ በመኪና ተጭኖ መዘመር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «የአራስ ቤት» መባል ቀረ ማለት ነው። የጎደለኝ ፀጉር ብቻ ነበር። ወሩ ግን ፍልሰታ ሆነና እትዬ አልጋነሽ ቅቤውንም እንቁላሉንም አስቀሩት። «በጾም ቅቤ አፍ ላይም አናት ላይም ያው ነው» አሉና ደረቅ ተልባና አብሽ ለጠፉብኝ። በዚያ ቅዳሜ ተረት ውስጥ አንድ የፀጉር ሌባ ያቺን የረጅም ፀጉር ልጅ ሊሸልታት መቀሱን ሲያነሣ እኔ እጄን አወጣሁ። ተረቱም እዚያው ቆመ።

በቡሄ ማግስት ጠዋት እናቴ ገበያ እንደወጣች ቆጥ ላይ ወጣሁ። በጾም ምክንያት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ፀጉሩ አመድ መስሏል፤ እኔ ብቻዬን ላብረቀርቅ ነው ሐሳቤ። በዚያ ጨለማ እጄ የገባበትን ማሰሮ ከፈትኩና ሳልቆጥብ ለቀለቅሁት፤ በሳሳው ቦታ ላይ ረጅሙን ፀጉር አስተኝቼ ለጠፍኩበት፣ ከላይ ሻሽ አሰርኩ። ያወረድኩት ለጋ ቅቤ አልነበረም። እናቴ ለጾም መፍቻ ዶሮ ያነጠረችው፣ ኮረሪማና በሶብላ የገባበት ንጥር ቅቤ ነበር። የደብረ ታቦር የነሐሴ ብርድ አርግቶት ለጋ መስሎኝ ነው፤ ሽታውን እንዳልለይ ደግሞ የእትዬ አልጋነሽ አብሽ አፍንጫዬን ገድሎት ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የሚባለው እንግዲህ ስለ እኔ ነው።

የኪነቱ ኃላፊ አፍሮውን እንደ ዘንቢል ተሸክሞ የሚዞር ጎረምሳ ነበር። ጾም የኋላ ቀሮች ነገር እንደሆነ በየስብሰባው ሲለፈልፍ ይውላል፤ እናቱ ቤት ግን ከሽሮ በቀር አይቀምስም ይባል ነበር። ቀበሌው ሜዳ ላይ ሰብስቦ «ሻሽ አውልቁ» አለን። አወለቅሁ። ከበሮው ተመታ፤ እኔም ወረድኩት፤ ማንም እንደ እኔ አልወረደውም። ሰውነቴ ሲሞቅ ግን ቅቤው ነቃ። በግንባሬ ወረደ፣ ዓይኔ ገባ፣ ረጅሙ ፀጉር ተንሸራቶ ያ የሳሳው አናቴ አደባባይ ወጣ። ሽታው ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲጾም በሰነበተ ሕዝብ መሐል ተለቀቀ።

ከቅዳሴ የምትመለስ አንዲት ሴትዮ ቀጥ ብላ ቆመችና አማተበች። «በስመ አብ! በፍልሰታ ዶሮ የሚሠራው የማን ቤት ነው?»

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ኃላፊው ምራቁን ሲውጥ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ከዋጠም በኋላ «የሚቀጥለው!» አለ፤ የእኔም ኪነት በዚያው አበቃ።

እትዬ አልጋነሽ ከበር ሳልገባ ሽታው ነገራቸው። አልተቆጡኝም፤ ያለመቆጣታቸው ይበልጥ አናደደኝ።

«የአንቱ ጥፋት ነው!» ብዬ ጮኽኩባቸው። «መድኃኒትዎም ውሸት፣ ተረትዎም ውሸት!» ቅቤው ቆረቆሬን ቀስቅሶት ነበርና በሁለት እጄ አናቴን እያከክሁ አለቀስኩ።

እጆቼን ያዙ። በአንድ እጃቸው ሁለቱንም አንድ ላይ ጨብጠው በሌላው ሻሻቸውን ፈቱ። ከጆሯቸው በላይ ጥቂት ሽበት አለ፤ ሌላው ከግንባር እስከ ማጅራት የለሰለሰ ጠባሳ ነው።

«እኔ እንዳንች ልጅ ሳለሁ እጄን የያዘልኝ የለም» አሉኝ። «ሳክክ ሳክክ ሥሩን ጨረስኩት። አብሽማ መች ፀጉር ያበቅላል ልጀ? እጅሽን ነው የምጠብቅ የነበር እንጅ።»

ውኃ አሙቀው በእንዶድ ሁለት ጊዜ አጠቡኝ፤ ሻሻቸውን መልሰው አሰሩ፤ ተልባውን ጣዱ። ቅዳሜ አልነበረም፤ ፀሐይም ገና አልጠለቀች። እኔ ሳኮርፍ ቆየሁ፣ በኋላ ግን አልቻልኩም።

«ልጅቱስ? ሌባው ሸለታት?» አልኩ።

«እጅሽን አግቢ» አሉኝ።

አገባሁ። ልጅቱ ተረፈች፤ እንዴት እንደተረፈች ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ እንዲያ ያለ ደካማ መጨረሻ ሰምቼ አላውቅም። ፀጉሬ ግን በዓመቱ ሞላ። ዛሬ የሰፈሬ ሴቶች የተልባና የአብሽ ቅባት በጠርሙስ እየገዙ፣ እኔንም ምን ተቀብተሽ ነው ይሉኛል። ተልባ ነው እላቸዋለሁ፤ ይዝለግለጉ። ዋናውን ነገር ብነግራቸው በጠርሙስ አይሸጥ። እትዬ አልጋነሽን ግን እንደ ናቅኳቸው አንድም ቀን ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ሞቱ፤ ይኸ ይቆጨኛል። ለቅሶ ቤትም ሆነ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰው ወግ ሲጀምር ሁለት እጆቼ እስከ ዛሬ ማንም ሳያዛቸው ከጭኔ ሥር ይገባሉ።