የፈረንጁ ድልድይ

ትናንት ከልደታ ወደ አብነት በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ረዳቱ «ፈረንጅ ድልድይ ወራጅ አለ?» ሲል እንደ ልማዴ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ድልድዩ ከፈረሰ ስንት ዓመቱ! ዛሬ ቦታው ላይ ሰፊ አስፋልት አለ፣ ከጎኑም ኮንዶሚኒየም ቆሟል። ስሙ ግን አልወርድም ብሎ ታክሲ ላይ ቀርቷል።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ከኮሌጅ እንደወጣሁ ቀበሌ ተቀጠርኩ። እናቴ «ይቺ ልጅ እሾህ ላይ ነው የተቀመጠችው» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው፣ አንድ ቦታ አልረጋም። ለመንገድ ሥራ የሚፈርሱ የቆዩ ግንቦችን መዝግቢ ተባልኩ። ቅጹ ላይ «የሠራው» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። የጥንት ሲራራ ነጋዴዎች ወደ ጅማ በሚወርዱበት መንገድ ላይ ያለው የድንጋይ ድልድይ ጋ ስደርስ ሰፈሩ ተከፋፈለ። አንዱ ጣልያን ነው ይላል፣ ሌላው «ኧረ ፖርቱጋል ነው!» ይላል። ፈረንጅ መሥራቱን ግን ማንም አልተጠራጠረም፤ ስሙ ራሱ ይናገር የለ?

ጋሽ ሰይድ ብቻ ሳቁብኝ። ከድልድዩ አፋፍ ላይ የቆርቆሮ ባልዲ የሚሠሩ፣ አንድ እግራቸው የማይታጠፍ የወሎ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ፈረንጅ አይደለም፤ ፈረንጁ ነው። አባቴን ነው የሚሉት። ግንበኛ ነበር፤ መልኩ ቀይ ስለሆነ ፈረንጁ አሉት እንጂ ስሙስ ከድር ነው።»

«ማስረጃ ይኖርዎታል ጋሼ?»

«ከሥር፣ ቅስቱ ላይ፣ በመሮ የተጫረ ሦስት ጭረት አለ። የሱ ምልክት ነው። እኔ በዚህ እግሬ አልወርደውም፤ አንቺ ውረጂና እይው። ሳያፈርሱት ስሙን ጻፊልኝ። ሌላ የቀረው ነገር የለም፣ ወላሂ!»

ሐምሌ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ይሸታል፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ እኔ ደግሞ አዲስ ጫማ አድርጌያለሁ። ጋሽ ሰይድ የተጠበሰ በቆሏቸውን ገምሰው ግማሹን ሰጡኝ። «ነገ እመጣለሁ» አልኩና ቆሜ እንኳ ሳልበላ እየጋጥኩ ሄድኩ።

ያቺ ነገ አልመጣችም። ቅጹ በአስቸኳይ ተፈለገ፤ «ፈረንጆች» ብዬ ጽፌ አስረከብኩ። ከመስቀል በኋላ ድልድዩ ሊፈርስ ነው ሲሉኝ እየሮጥኩ ሄድኩ፤ ድንጋዩ ገልባጭ መኪና ላይ ተጭኖ አልቋል። ጋሽ ሰይድ ባልዲ እየቀጠቀጡ ቀና አሉ።

«ጻፍሽው?»

«አዎ» አልኳቸው።

መዶሻቸውን አስቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ።

አባታቸው ይሥሩት አይሥሩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ማን ያውቃል፣ እሳቸውም እንደ ሰፈሩ ሰው የወደዱትን አምነው ይሆናል። የሚያንገበግበኝ ግን ወርጄ ማየት እየቻልኩ አለመውረዴ ነው። እሳቸው ከሞቱ ቆዩ፤ ምርቃታቸው አሁንም ያሳክከኛል።

ትናንት ሚኒባሱ ውስጥ «የፈረንጁ ድልድይ ላይ ወራጅ አለ» አልኩት ረዳቱን።

«ፈረንጅ ድልድይ ነው፣ ማዘር» አለኝ እየሳቀ።

«ፈረንጁ ነው! ከድር የሚባል ግንበኛ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የእኔ መውረጃ ገና ነበር፤ ግን ወረድኩ።