ወደ መንገድ የዞረው በር

ኤጄታ ልብስ ሰፊው የቀበሌ ተመራጭ ባይሆን ኖሮ ስለ እሱ የሚወራ አንዳች ነገር አይኖርም ነበር። ከሸነን በልጅነቱ መጥቶ አምቦ ላይ መርፌ ጨበጠ፣ አገባ፣ ወለደ፣ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሰፈሩን ሱሪ ሁሉ አሳጠረ። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እንዳትፈርዱበት ብዬ አይደለም፤ ፍረዱበት፣ እኔም ፈርጄበታለሁ። ብቻ ክፉ አልነበረም።

አማቱ አደ ኡርጌ ከበረንዳው ፊት ለፊት፣ ከሜዳው ማዶ፣ አንዲት የቀበሌ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አማትና አማች መተፋፈራቸው የአገር ወግ ነው፤ የእነዚህ ግን ከወግም አለፈ። አደ ኡርጌ የልጃቸውን ባል በስሙ ጠርተውት አያውቁም፣ “እሳቸው” ነው የሚሉት። እሱ ባለበት እህል አይቀምሱም። መንገድ ላይ ድንገት ከተገናኙ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ አጥር ይዞራሉ፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ሚስቱ ድንቅቱ “እናንተ ናችሁ እንዴ ሙሽሮቹ?” እያለች ትስቅባቸው ነበር።

በሰባ ዓመተ ምሕረት ቀበሌው ወንዝ ዳር ያለውን ባሕር ዛፍና ገደላገደል ለወጣት ማኅበሩ የአትክልት ቦታ ብሎ ሰጠና በሽቦ አጠረው። ጎመኑ ጥሩ ሆነ፤ ነገር ግን የሰፈሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ጓሮ የሚወጣው እዚያ ነበር። ስለዚህ ሜዳው ላይ የጋራ ሽንት ቤት እንዲሠራ ተወሰነ። በዚህ ማንም አልተከራከረም። ክርክሩ የተነሣው በሩ ወዴት ይዙር የሚለው ላይ ነው። ሴቶቹ ሰው እንዳያያቸው ወደ አጥሩ ይዙር አሉ። ያን ጊዜ የሕዝብ ደኅንነት ተጠሪው ኤጄታ እጁን አወጣ።

“በመንግሥት ላይ ወረቀት የሚለጥፉ ሰዎች የሚደበቁት እንዲህ ያለ ቦታ ነው” አለ። “በሩ ወደ መንገድ ይዙር። እኔም ስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ ማን ገባ ማን ወጣ አያለሁ።”

ሊቀ መንበሩ አቶ አሻግሬ አጨበጨቡ፤ እሳቸው ካጨበጨቡ ማን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል? በዚያ ዓመት ጸጥታ ለተባለ ነገር ተቃውሞ የሚያነሣ አልነበረም። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ኤጄታ የዚያን ቀን እየተንጎራደደ ነው ቤቱ የገባው። በሩ ወደ መንገድ ዞረ ማለት ወደ እሱ በረንዳ ዞረ ማለት እንደሆነ፣ ከማዶ ደግሞ ማን እንደሚኖር፣ ልቡ አላለውም።

ሽንት ቤቱ ተሠራ። አደ ኡርጌ ውሃ መጠጣት ተዉ።

መጀመሪያ ያወቀችው ድንቅቱ ናት። ፖፖ ገዝታ ብትወስድላቸው “እኔ ሕፃን ነኝ?” ብለው መለሱላት። አሮጊቷ አማቻቸው እያየ እዚያ በር ከሚገቡ ቢሞቱ ይሻላቸዋል። ቀኑን ሙሉ ታግሠው ሲጨልም ይወጣሉ፤ ሲጨልም ደግሞ ሰዓት እላፊ አለ።

“መኪናህን ወደ ውስጥ አስገባ” አለችው ድንቅቱ።

“ውስጥ ብርሃን የለም፤ መርፌውን በምን አየዋለሁ?”

“እንግዲያስ በሩን ያዞርከው አንተ ነህ፣ ስብሰባ ላይ ተነሥተህ መልሰው።”

“ምን ብዬ?” አለ ኤጄታ። እውነቱን ነው፣ ምን ብሎ? አማትንና ሽንት ቤትን በአንድ አፍ የሚያነሣ ወንድ በእኛ አገር አልተወለደም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዝም አለ። የእሱ ዝምታ ግን ነቀዘ።

አንድ ማለዳ ለአስቸኳይ ጉዳይ ተጠርቶ ቀበሌ ሲገባ፣ አግዳሚው ላይ አንዲት ሴት ወደ ግድግዳው ዞረው ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። በነጠላው ጥለት አወቃቸው። ጥበቃው ቀነዓ ሌሊት በሰዓት እላፊ ሜዳው ላይ እንደያዛቸው ተናገረ። እሱን ሲያዩ ወደ ኋላ ሊመለሱ እንደሞከሩም ጨመረ። ሲነጋ ደግሞ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ተገኝቷል።

“እናቴ” አሉ አቶ አሻግሬ፣ “በዚያ ሰዓት ወዴት ይሄዱ ነበር?”

አደ ኡርጌ ነጠላቸውን ይበልጥ ወደ ፊታቸው ሳቡት።

“ካልተናገሩ ወደ ላይ ማስተላለፌ ነው።”

ወደ ላይ የተላለፈ ሰው ቶሎ እንደማይመለስ ሁሉም ያውቃል። ኤጄታ በዚያ ክፍል ውስጥ ከአማቱ ሌላ መልሱን የሚያውቅ ብቸኛው ሰው ነበር፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው የሚበቃው። ጉሮሮውን ጠረገ። ሰዎቹን አየ፣ ነጠላውን አየ፣ መሬቱን አየ። አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

“ጓድ ኤጄታን ተመልከቱ” አሉ ሊቀ መንበሩ። “አማቱ ናቸው፣ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ለዘመድ የማያዳላ ተመራጭ ማለት ይህ ነው።”

ይህን ሙገሳም ዝም ብሎ ተቀበለ። እኔ ሁሉንም ይቅር ብለው ይህችን ይቅር ማለት ያቅተኛል።

አደ ኡርጌ ከነጠላቸው ሥር ለቀነዓ በኦሮምኛ ቀስ ብለው ተናገሩ፦ “ኢሳን ሃ በአን።” እሳቸው ይውጡ፣ ከዚያ እናገራለሁ ማለታቸው ነው። ሁሉም ወደ ኤጄታ ዞረ። ከወንበሩ ተነሥቶ ወጣ።

የጭቃ ግድግዳ ድምፅ አይከለክልም። ደጅ ቆሞ፣ ለልጃቸው እንኳ በግልጽ ተናግረውት የማያውቁትን ነገር አማቱ ለማያውቋቸው ወንዶች ሲናገሩ ሰማ።

“ሽንት ቤት ልሄድ ነበር።”

አንዱ ሳቀ። “ታዲያ ቀን ለምን አይሄዱም?” አሉ አቶ አሻግሬ።

“ልማዴ ነው” አሉ። “እርጅና ነው።”

ስለ በሩ አላነሡም። ስለ በረንዳው አላነሡም። ስሙን እንደ ወትሮው አልጠሩም። ኤጄታ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር፤ ግን እዚያው ቆመ። አቶ አሻግሬ ሲወጡ ትከሻውን መታ መታ አድርገው “ይለቀቃሉ፣ የእርጅና ነገር ነው” አሉት። እሱም “እሺ” አለ።

እሑድ ስብሰባ ነበር። ጉዳዮቹ አልቀው ሰው ሊነሣ ሲል ኤጄታ እጁን አወጣ።

“የሽንት ቤቱ በር ወደ አጥሩ ይዙር” አለ።

“ወደ መንገድ ይዙር ያልከው አንተው ነህ” አሉ አቶ አሻግሬ። “አሁን ምን ተገኘ?”

ኤጄታ ቆሞ ተናገረው። “አማቴ እኔን አፍረው ነው ሌሊት የሚወጡት። እኔ እያየኋቸው እዚያ በር መግባት አልቻሉም። የዚያን ዕለት ጧት አውቅ ነበር፣ አፍሬ ዝም አልኩ።”

ከኋላ ጎረምሶች ሳቁ። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች ግን አልሳቁም፤ ባየሽ የምትባል ባለ ጉሊት ቀድማ እጇን አወጣች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌሎቹ። ለካ ጨለማ የሚጠብቁት አደ ኡርጌ ብቻ አልነበሩም። በሩ እንዲዞር ተወሰነ።

ኤጄታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ደረቱ ላይ የነበረው ድንጋይ የተነሣለት መሰለው። ድንቅቱን ደጅ አገኛት።

“በሩ ሊዞር ነው። ሂጂና ንገሪያቸው” አላት።

“እናቴ ጧት ሄዳለች” አለች ድንቅቱ። “አዲስ ዓለም፣ ወንድሜ ጋ። ዕቃዋንም ይዛለች፤ አትመለስም።”

“ተቀይመውኝ ነው?”

“አይ። ንገሪልኝ ያለችኝ አለ።” ድንቅቱ ዐይኑን አላየችውም። “‘ሰው ፊት ከወንበራቸው አስነሥቼ አስወጣኋቸው፣ ደፈርኳቸው፣ ይቅር ይበሉኝ በይልኝ’ ብላለች።”

“እኔን?” አለ ኤጄታ። “እኔን ይቅርታ?”

“አዎ፣ አንተን” አለችና ልጆቹን ልታበላ ገባች።