ዘመናይና የእማማ ጦይባ ወንበር

ዘመናይ እጇ ወርቅ ነው፤ ጠባይዋ ግን አያድርስ! ናይሮቢ ውስጥ ለዌስትላንድስ ሰፈር ቢሮዎች ጠረጴዛና መደርደሪያ እየነደፈች ስም ያወጣች ሴት ናት። ልቧ ያለው ግን አሮጌ ዕቃ ላይ ነው። ፓርክላንድስ ወዳለው ወርክሾፗ የጥንት ሳጥን ሲመጣላት እንደ አራስ ልጅ ነው የምትይዘው። የተላቀቀውን ታጣብቃለች፣ የጎደለውን ትሞላለች፤ ዕድሜ ያጠቆረውን ገጹን ግን አትነካም። ሙጫዋን እንኳ ራሷ ከቆዳ ቀቅላ ነው የምታወጣው።

ሸሪኳ ታዴዎስ ይሄ ሁሉ አይገባውም። አንድ ቀን እሷ በሌለችበት የደንበኛ ጥንታዊ ቁም ሳጥን በማሽን ልጎ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ መስታወት አስመስሎ ጠበቃት። «አዲስ አደረግኩልሽ!» አላት ደስ ብሎት። ምስኪን! በያዘችው መዶሻ ትከሻውን አለችው። በሰው ፊት እየሰደበች፣ እየገፈተረች አባረረችው።

ቂሙን ይዞ የተመለሰው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ጠጥቶ፣ ፓንጋ የሚሉትን ገጀራ ጨብጦ። ዘመናይ የእማማ ጦይባን ወንበር እየጠገነች ነበር። እማማ ጦይባ ኢስትሊ ሰፈር ጨርቅ ይነግዳሉ። ሟች ባላቸው የላሙ ደሴት ሰው ነበሩ፤ ከእሳቸው የቀራቸው ይሄው የሙሽራ ወንበር ብቻ ነው።

«ያዋረድሽኝ ለእንጨት አይደል? እከታትፈዋለሁ!» ብሎ ገጀራውን ወንበሩ ላይ አነሳ።

«ንካውና አሳይሃለሁ!»

መቼ ሰማት! የሚፈላውን ሙጫ ከነድስቱ ፊቱ ላይ ደፋችበት።

እንዴት ያለ ጩኸት ነው የጮኸው! ዓይኑን በአንድ እጁ ይዞ፣ ገጀራውን ሳይጥል መንገድ ላይ ወጣ። አንዱ አላፊ አይቶት «ምዊዚ!» አለ፤ ሌባ ማለቱ ነው። ናይሮቢ ላይ ይሄ ከተባለ በኋላ ማን ይጠይቃል? ድንጋይ ዘነበበት። ወደቀ። አንዱ አሮጌ ጎማ እያንከባለለ፣ ሌላው ሊያቃጥሉት ቤንዚን ይዞ መጣ።

ዘመናይ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። እውነቱን እንነጋገር፣ መጀመሪያ «ይበለው!» ብላለች። ጎማውን አንገቱ ላይ ሊያጠልቁበት ሲሉ ግን አንጀቷ አልቻለም። «ሲ ምዊዚ! ሌባ አይደለም፣ የኔ ሰው ነው!» ብትል ማን ይስማት! ያንኑ ወንበር አንስታ ሮጠች፤ ላዩ ላይ ደፍታ እሷም ተደፋችበት። ድንጋዩ ወንበሩን ብትንትኑን አወጣው፤ ጭንቅላቷንም ፈነከተው። ሰዎቹ የበረዱት ደም ለብሳ ሲያዩዋት ነው።

በማግስቱ እማማ ጦይባ መጡ። ፍርስራሹን እያነሱ አገላብጠው አዩ።

«እኔ ነኝ ያስሰበርኩት፣ እማማ» አለች ዘመናይ፣ ራሷ በፋሻ እንደተጠቀለለ።

«ሰውየውስ?»

«አንድ ዓይኑ ጠፋ። ነፍሱ ግን ተርፋለች።»

እማማ ጦይባ እጃቸውን ሰንዝረው በጥፊ አጮሏት። «ይቺ ለባሌ ወንበር!» አሉ። ወዲያው ደረታቸው ላይ ለጥፈው አቀፏትና ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።