ጮኾ የማያውቅ ግመል

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው መርሳ ገበያ፣ ከአንድ የእህል መጋዘን ደጃፍ ነበር። የሚያወሩት ባለመጋዘኑ ሐጂ ናቸው፤ አባቴ ይማም የእሳቸው ተሸካሚ ነበር። አመሻሹ ላይ መብራት ይጠፋና ፋኖስ በሩ ላይ ይሰቀላል፤ ፍም ላይ የሚጠበሰው የማሽላ እሸት ጭስ ከጆንያው አቧራ ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮ ይከረክራል። ያኔ ሐጂ፣ ሁለት ሰዎች በአባቴ የጎነበሰ ጀርባ ላይ ኩንታሉን እስኪጭኑ ጠብቀው፣ ተረታቸውን ይጀምራሉ።

ሁልጊዜም የግመል ተረት ነበር። ፈጣሪ ሸክም ሲያከፋፍል እንስሳት ሁሉ ሰበብ አበጁ፤ ግመል ብቻ ተንበርክኮ ጀርባውን ሰጠ፤ ስለዚህም ወገቡ እንደ እንጨት ጠነከረለት። እዚህ ሲደርሱ የአባቴን ወገብ በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጋሉ።

«እንጨት ነው፤ ንኩት።»

ሰው እየነካ ይስቃል። እኔም ነክቻለሁ። እውነትም እንጨት ነበር።

አንድ ቀን ከግራና የመጣ አንድ ገበሬ፣ ሰውዬው መጀመሪያ ሸክሙን ያራግፍ እንጂ ቢል፣ ሐጂ «ግመል ተጭኖም ወሬ ይሰማል» ብለው አሳቁበት። አባቴ ከጆንያው ሥር ሆኖ መለሰ።

«ይጨርሱት ሐጂ፤ ልጄ እየሰማች ነው።»

ፊቱን አላየሁም። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ አቧራው ላይ ሲንጠባጠብ ግን አይቻለሁ፤ ያም ሆኖ ተረቱ እንዳያልቅ እመኝ ነበር።

በቅርቡ ወልድያ ውስጥ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጠየቅሁ። ሸክም ሲያርፍበት አከርካሪ ይገተራል፣ በዙሪያው ያሉ ጡንቻዎችም ይቆልፉታል፤ ይህ መከላከያ እንጂ ጥንካሬ አይደለም አለኝ። ጎንብሶ ብዙ ሲቆይ ደግሞ ከኋላ የያዙት ጅማቶች ይላላሉ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሸክም ያለ መከታ ያገኘዋል። እየነካን የሳቅንበት እንጨት ላለመሰበር የሚታገል ወገብ ነበር። የእኔም መዳፍ አለበት።

አባቴ አሁን ሶላቱን የሚሰግደው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው፤ ለሩኩዕ የሚጎነብሰው አንገቱ ብቻ ነው። ሐጂ መንገድ ላይ ሲያገኙት ዛሬም «የኔ ግመል» ይሉታል፤ እሱም ፈገግ ይላል።

ባለፈው ውርጌሳ ላይ ከቆላ የወጡ ግመለኞች አግኝቼ ስለ ጭነት ጠየቅኋቸው። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ግመል እዚያው በተንበረከከበት ይጮኻል፤ ካልቀነሱለት አይነሣም አሉኝ።

የሐጂን ተረት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሁንም በቃሌ አውቀዋለሁ። ግመሉ አንድም ቦታ ላይ አይጮኽም።