«በሞቴ» የማይባልበት መንደር

ወንድሜ ወሎ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ በግሪስ ተጨማልቆ ያደገ ልጅ ነው። ዛሬ በካናዳ ሰሜን ጫፍ፣ በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር፣ ዴኔ የሚባሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች በሚኖሩበት ትንሽ መንደር የመብራት ጄኔሬተር ይጠብቃል። ብርድ ሲጠና ሐይቁ በረዶ ሆኖ ስለሚጠጥር በላዩ በመኪና ይኬዳል፤ ሌላ ጊዜ ያለ ትንሽ አውሮፕላን መግቢያም መውጫም የለም። እማዬ ይህን የሰማች ዕለት «ውሃ ላይ? በመኪና? እግዚኦ!» ብላ ስልኩን ለእኔ ወረወረችልኝ።

የሚያስጨንቃት ግን ብርዱም ውሃውም አልነበረም። በደወለ ቁጥር ሰላምታው ሳያልቅ ያቺኑ ጥያቄ ታመጣለች።

«እድር አላችሁ?»

«የለንም እማዬ።»

«ታዲያ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይቀብርሃል?»

እሱ ይስቃል፤ እሷ አትስቅም። ለእማዬ ቀባሪ የሌለው ሰው፣ ሰው የለውም፤ አለቀ። የኋለኛው ክፍል ውስጥ ያለውን አልጋውን በየሳምንቱ አንሶላ እየቀየረች ትጠብቀው ነበር። እኔ ሳሎን ሶፋ ላይ እየተኛሁ ማለቴ ነው! በመጨረሻ «ሄጄ በዓይኔ አያለሁ፤ ሰው ከሌለው ጆሮውን ይዤ አመጣዋለሁ» አለች። ቪዛው ሲገኝ እኔም አስተርጓሚ ተብዬ አብሬ ሄድኩ።

መንደሩ እንዳለ ቦሌ መንገድ ላይ ካሉት ፎቆች አንዱ ውስጥ ይገባል። ዝም ያለ ነጭ ሜዳ ነው የጠበቀን፤ ሜዳ ያልኩት ሐይቁ ኖሯል። ሰዉ ቤት ሲገባ በር አያንኳኳም። በደረስን ማግስት አንድ ሽማግሌ ዘው ብለው ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ በመስኮት ሐይቁን አዩ፣ ተነሥተው ሄዱ። አንድ ቃል አልወጣቸውም።

«ምን በደልናቸው?» አለች እማዬ።

«ኧረ ሊጠይቁሽ ነው የመጡት» አላት ወንድሜ።

«ታዲያ ምን ጠየቁኝ?»

እኔ በሳቅ ሞትኩ። እሷ ግን ተከፍታ ዋለች። ጤና ይስጥልኝ እንኳ የማይባባል ሰው እንዴት ተሰባስቦ ይቀብራል?

ከዚያ ያ ጉድ መጣ። ወንድሜ ሥራ ላይ ሳለ የጎረቤቱ ባልቴት እንደ ልማዳቸው ሳያንኳኩ ገቡ፤ ከዴኔ ቋንቋ ሌላ ስለማይናገሩ የእኔ አስተርጓሚነት እዚህ አልሠራም። ከበረዶው ሥር በመረብ ያወጡትንና በጭስ ያደረቁትን ዓሣ በጨርቅ ጠቅልለው እማዬ ፊት አስቀመጡላት። እማዬ ደግሞ ጨዋ ናት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ኧረ ምን በወጣዎት! አይሆንም፣ አይሆንም» እያለች ራሷን ነቀነቀች፤ ጥቅሉንም ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው። ከዚያ «በሞቴ» እስኪሏት ትጠብቃለች። ያኔ ትንሽ ትግደረደርና ትቀበላለች፤ ያደግንበት ወግ ነው። ባልቴቷ ግን ትክ ብለው አዩዋት፣ ዓሣቸውን አነሡ፣ ወጡ።

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «ወሰደችው እኮ! አንዴ እንኳ በሞቴ ሳትል!»

ማታ ነገሩን ስንነግረው ወንድሜ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። «እማዬ፣ እዚህ ዓሣው ራሱን ሰጥቶ ነው መረብ የሚገባው ይላሉ። የተሰጠሽን ከመለስሽ ዓሣውንም ሰጪውንም አዋረድሽ። ደግሞ ከሰው ሁሉ እሳቸውን! ባዶ ቤት ስገባ መጀመሪያ ያበሉኝ እሳቸው ናቸው።»

በማግስቱ ማንም አልገባም። ከማግስቱ ወዲያም። ያ ሲያበሳጫት የነበረው ዘው ብሎ ገቢ ሁሉ ጠፋ፤ ሻዩ እየፈላ ይቀዘቅዛል። እማዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቆየችና «ቀባሪ ልፈልግለት መጥቼ ያሉትንም አሳጣሁት» ብላ አለቀሰች። እንዲህ አንጀቴን የበላችኝ ጊዜ የለም።

«ቤታቸው ሂጂና ተቀመጪ፤ አታንኳኪ፣ ይቅርታ ምናምን አታብዢ» አላት ወንድሜ። ሄድን። ገባን። ባልቴቷ ምድጃው አጠገብ ቆዳ ይሰፋሉ፤ ቀና ብለው አይተውን ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። እማዬ ተቀመጠች። ያቺ ከጉልት እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ድረስ ሳትለፈልፍ ውላ የማታውቅ ሴትዮ ዝም! ልትፈነዳ የደረሰች መስሎኝ ነበር። ብዙ ቆይተው ባልቴቷ ተነሡና ያንኑ ዓሣ አቀረቡላት። የእማዬ እጅ በልማዱ ወደ ደረቷ ተነሣ፤ መንገድ ላይ ያዘችው። ቆርሳ በላች። ጨመሩላት፤ እሱንም በላች። ባልቴቷ ፈገግ ሲሉ ፊት ጥርሳቸው እንደሌለ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ እንደገና ሞላ። ልንመለስ ስንል፣ ባልቴቷ ሻይ ይዘው እንደተቀመጡ፣ እማዬ ወንድሜን «ልጄ ቢሞት ማን ይቀብረዋል በልና ጠይቅልኝ» አለችው። ከእፍረቱ ብዛት ቀላ፤ ግን ጠየቀላት። ባልቴቷ ሐይቁን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ፤ ወንድሜ ተረጎመው።

«በብርድ ጊዜ መሬቱ ድንጋይ ነው። እሳት እናነድበታለን። አፈሩ እስኪላላ ሁላችንም እየተፈራረቅን እሳቱን እንጠብቃለን፤ ከዚያ እየተቀባበልን እንቆፍራለን። ለእሱም እንደዚያው ነው።»

እማዬ ነጠላዋን አውልቃ ዘረጋችላቸው። ተቀበሉ፤ አይሆንም የለ፣ ምን በወጣሽ የለ፤ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ቻው እንኳ ሳይሉ ወጡ። በዚህ ጊዜ አልተቀየመችም።

ወሎ ሰፈር እንደተመለስን የእድሯ ሴቶች እንኳን ደህና መጣሽ ሊሏት ተሰበሰቡ። አንዷ ከንፈሯን መጠጥ አድርጋ «ምስኪን፣ ቀባሪ በሌለበት አገር…» ስትል እማዬ ቱግ አለች። «የኛን አፈር ማንም ይቆፍረዋል! እዚያ መሬቱን በእሳት አቅልጠው ነው የሚቀብሩት! ልጄ ሰው አለው!» 

እንግዶቹ ሲሄዱ የኋለኛውን ክፍል ቁልፍ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ከእንግዲህ አንቺ ተኚበት፤ እሱ አይመጣም» አለችኝ። እኔ ዕቃዬን ልሰበስብ ወጣሁ። ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ፣ እሷ አልጋው ላይ ተቀምጣ፣ የገፈፈችውን አንሶላ ፊቷ ላይ ይዛ ታለቅሳለች።

አላንኳኳሁም። ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።