ከመጋረጃው ወዲያ የነበረችው ደባላችን

ዛሬ ጠዋት አከራዬ በር አንኳኩቶ «ከሚመጣው ወር ጀምሮ ጨምሬአለሁ፤ ካልተስማማሽ ራቅ ብለሽ ፈልጊ» ሲለኝ፣ አፌን ከፍቼ ሳልሰድበው የላምባ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ከየት መጣ እንዳትዪኝ። በደርግ ጊዜ ጉለሌ ያለችውን አንድ ክፍል ቤታችንን ለሁለት የከፈለው የአቡጀዲ መጋረጃ ሽታ ነው።

ከመጋረጃው ወዲያ በላምባ ምድጃ የምታበስለው ደባላችን ነበረች፤ ፈትል ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ። የፒያሳ ኪራይ አልቀመስ ቢላት ወደ አዲሱ ገበያ ወጣች፤ እዚያም ሲወደድባት እኛ ጋ መጣች። ቤቱ የቀበሌ ስለሆነ ደባል ማስገባት ክልክል ነው። እናቴም «የእህቴ ልጅ ናት» ብላ አስመዘገበቻት። እኔ ግን ወደድኳት። እሁድ እሁድ ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ ነበረች።

ክፋቱ ምን መሰለሽ? ለዚያች ጥግ የምትከፍለው፣ እናቴ ለሙሉ ቤቱ ለቀበሌ ከምትከፍለው ይበልጥ ነበር! ክረምት ሲገባ ደሞ እናቴ «ሰፈሩ ሁሉ ጨምሯል» ብላ ጨመረችባት።

«እትዬ፣ ለቀበሌ ስንት እንደሚከፍሉ አውቃለሁ እኮ» አለች ልጅቷ።

«ታዲያ ቁስቋም ውጪያ! እዚያ ርካሽ ነው፤ ከጅብ ጋር ትኖሪያለሽ።»

ተኳረፉ። በዚያው ሳምንት የቀበሌ ሰዎች ደባል ሊፈትሹ መጡ። ከተነቃብን ቤቱን መነጠቃችን ነው። እናቴ የቀበሌ ሱቅ ካርዳችንን አወጣች። «ይኸው፣ ስሟ ከቤተሰቡ ጋር ተጽፏል» አለች። ሰውዬው ካርዱን ትቶ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ምንሽ ናቸው?»

አንዲት ቃል ብትተነፍስ አልቆልን ነበር። እናቴን ቀና ብላ አየቻት።

«አክስቴ ናቸው» አለች።

ሰዎቹ ሲወጡ እናቴ ታቅፋታለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ እቴ! «ነገ ተነስተሽ ምን እንደምትይ በምን አውቃለሁ?» ብላ በማግስቱ አስወጣቻት፤ ያውም በዚያ ዝናብ። ፍራሿን ተሸክማ ሽቅብ ወደ ቁስቋም ስትሄድ ልከተላት ስል እናቴ ቀሚሴን ጎትታ መለሰችኝ። ይቺን ነገር እናቴ አፈር ከለበሰች በኋላም ይቅር አላልኳትም።

ስሟን ግን ከካርዱ አላሰረዘችም። ለቀበሌው ሱቅ ስኳር በመጣ ቁጥር የልጅቷን ድርሻም ትቀበል ነበር። እኔም ያን ክረምት ሙሉ፣ ሻዩ ሲጣፍጠኝ «እማዬ፣ ጨምሪልኝ» እል ነበር።