ስድስተኛው ውልወላ

እውነተኛ ስሙ ያለው መታወቂያው ላይ ብቻ ነው፤ ቤተ ሙከራው በሙሉ የሚያውቀው ጋሽ ቱቦ በሚለው ነው። ስምንት ሜትር የሚረዝመውን የብረት ቱቦ ሲያጥብ፣ ሲያጠብቅና ሲያስጮህ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላው። በቱቦው አንድ ወገን የታመቀ ጋዝ ይሞላል፣ በሌላው ወገን የሚሞከረው ስስ ጋዝ፤ መሃላቸው ላይ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠል አለ። ቅጠሉ ሲቀደድ የግፊት ማዕበል ይወነጨፋል። ማዕበሉን እሱው ያጋለው የሚሞከረው ጋዝ ይከተለዋል፣ ከኋላው ደግሞ ገፊው፣ ማለትም ታምቆ የነበረው ጋዝ። የጋለው ጋዝ በመለኪያው መስኮት ፊት የሚያልፍባት ቅጽበት የሙከራ ጊዜ ትባላለች። ሁሉም ድካም ለእሷ ነው።

አዲሱ ኃላፊ፣ ዶክተሩ፣ ይህች ጊዜ ሁለት ሚሊሰከንድ መሆን እንዳለባት በስሌት አገኘ። ቱቦው የሚሰጠው ግን አንድ ነጥብ ሁለት ነው።

"ጋሼ፣ ቆሽሿል። ይወልውሉታ!"

ጋሽ ቱቦ በረጅም እንጨት ጫፍ ጨርቅ አስሮ ወለወለ። አንድ ነጥብ ሁለት።

"እንግዲያው የሆነ ቦታ ያፈሳል።"

ብሎኖቹን ሁሉ ፈታ፣ የማሸጊያ ጎማዎቹን ቀየረ፣ አየሩን በፓምፕ መጥጦ ከዓርብ እስከ ሰኞ ዘግቶት ሄደ። የግፊት መለኪያው ቀስት ንቅንቅ አላለም፤ ቱቦው አያፈስም። ዶክተሩ ግን እንደገና አስወለወለው፤ እንደገናም፤ በጠቅላላው አምስት ጊዜ። በመጨረሻ ደብዳቤ ጻፈ፤ እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለ ቱቦው ይወገዳል፣ ቴክኒሻኑም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል።

"ለመሆኑ ችግሩ ምንድን ነው?" አለችው ሚስቱ ማታ ራት ላይ።

"ግድግዳው ነዋ!"

"ግድግዳው ደግሞ ምን አደረገህ?"

"ብረቱን የነካ ጋዝ ይቆማል። አጠገቡ ያለውም እሱን እየታከከ ይዘገያል። ተማሪ ሲለቀቅ አላየሽም? መሃል ያለው ይሮጣል፣ ግድግዳ ታኮ የሚሄደው ይቀራል። የኔም ጋዝ ዳር ዳሩን እየተንጠባጠበ ይቀራል፤ መስኮቱ ጋ የሚደርሰው እፍኝ ነው። ከዚያ ገፊው ጋዝ ይደርስበታል፣ አለቀ!"

"ለሰውየው ነግረኸዋል?"

"ሦስቴ! 'ልምድዎን አከብራለሁ' ይለኛል።"

"ውይ! እንዲህ ካለህማ አልሰማህም።" ሳቋ አመለጣት። "አንተም ስታስረዳ ትጮሃለህ። አፍህን ያዝና አሳየው።"

ሐሙስ ጠዋት የሁለቱንም ወገን ግፊት አራት እጥፍ አደረገ፤ ቅጠሉንም በወፍራም ቀየረ።

"ዶክተር፣ ሁለቱም በእኩል ስላደጉ የማዕበሉ ፍጥነት ያው ነው። ስሌትዎ ምን ይላል?"

"ያው ሁለት።"

ቱቦው ጓ! አለ። አንድ ነጥብ ስድስት።

"ግፊት ስለጨመርኩ ቆሻሻ አይጸዳም" አለ ጋሽ ቱቦ፣ ድምፁን እንደ ምንም ዝቅ አድርጎ። "ቀዳዳም ራሱን አይደፍንም። ጋዙ ሲታመቅ ግን ዳር ላይ የሚዘገየው ንብርብር ይሳሳል።"

ዶክተሩ ቁጥሩን ደጋግሞ አየ። ከዚያ ደብዳቤውን ከፋይሉ አውጥቶ ለሁለት ቀደደው።

"እኔም የግድግዳው ንብርብር ይሆናል ብዬ ጠርጥሬ ነበር።"

ጋሽ ቱቦ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

"ስሌቱ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ ነገ በሌሎች ግፊቶች እንለካለን። ግን ጋሼ፣ ለጥንቃቄ ያህል..."

"እንዳይሉኝ!"

"...አንዴ ቢወለወል?"

ጋሽ ቱቦ እንጨቱን ከጥግ አንስቶ፣ ጨርቁን ጫፉ ላይ ጥብቅ አድርጎ አስሮ፣ ዶክተሩን አስጨበጠው።

"አምስቱን ጨርሻለሁ" አለ ጋዋኑን እያወለቀ። "ስድስተኛው የእርስዎ ነው።"